ርካሽ ብስክሌት ለከተማ፦ ብራችሁን ምን ላይ ታውላላችሁ?

ሰሞኑን ብስክሌት ልግዛ የሚል ሰው በዝቷል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። የታክሲ ሰልፉ አለ፣ የትራንስፖርት ወጪው አለ፣ በዚያ ላይ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል፤ ድሮ በአይሱዙና በሚኒባስ መሀል መግባት ይፈራ የነበረ ሰው አሁን "እኔስ ብሞክረው?" ማለት ጀምሯል። በጣም ደስ ይላል። አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ግን አለ። ሰው በስንት ልፋት ያጠራቀማትን ብር ይዞ ይወጣና በሚያብረቀርቅ ቀለም ተስቦ ይገዛል፤ ሁለተኛው ወር ላይ ማርሹ እየዘለለ፣ ፍሬኑ እየጮኸ፣ ብስክሌቱ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ተጥሎ ይቀራል። ሰውዬውም "ብስክሌት ለአዲስ አበባ አይሆንም" ብሎ ይደመድማል። ለአዲስ አበባ የሚሆን ብስክሌት ግን አለ፣ በትንሽ ብርም ይገኛል።

ይህን የምጽፈው ለውድድር ለሚዘጋጅ ሰው አይደለም። ሥራ ደርሶ ለመመለስ፣ ገበያ ለመላላክ፣ እሁድ ጠዋት ለመንሸራሸር ብስክሌት ለሚፈልግ፣ ኪሱ ግን ብዙ ለማይፈቅድለት ሰው ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይኸው፦ በትንሽ ብር ስትገዙ ነገር ያነሰበትን ብስክሌት ግዙ። ብስክሌት ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ዕቃ አምራቹን ገንዘብ ያስወጣዋል። ዕቃው በዝቶ ዋጋው ግን ያው ትንሽ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ ከሌላ ቦታ ተቀንሶ ነው የመጣው። ከየት? ከፍሬኑ፣ ከኩሽኔታው፣ ከቸርኬው። ዓይን ቶሎ ከማያያቸው፣ ሕይወታችሁ ግን ከተንጠለጠለባቸው ቦታዎች ማለት ነው።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት

ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የምትኖሩ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ከተማው ሜዳ ነው፤ ማርሽ የሌለው ተራ ጠንካራ ብስክሌት ይበቃችኋል፣ እንዲያውም የሚበላሽ ነገር ስለሌለው እሱን ብትመርጡ ይሻላል። አዲስ አበባ ግን ሌላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ በሄዳችሁ ቁጥር ደግሞ እየወጣችሁ ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ፣ በእግሩ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ከመገናኛ ወደ ቦሌ ያለውና የቦሌ አካባቢ ግን ብዙ አያስቸግርም።

ስለዚህ መጀመሪያ መንገዳችሁን እወቁ። አንድ ቀላል ዘዴ አለ፦ ነገ ታክሲ ስትሳፈሩ ጋቢና ተቀመጡና የሹፌሩን እጅ እዩ። ማርሽ ዝቅ የሚያደርግበት ቦታ ሁሉ እናንተም ላብ የምታፈሱበት ቦታ ነው። አንድም ቦታ ካልቀነሰ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ይበቃችኋል። ሁለት ሦስት ቦታ ከቀነሰ ግን ማርሽ ያስፈልጋችኋል፣ እሱም የሚሠራ ማርሽ።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ብስክሌቱ የት ያድራል የሚለው ነው። ሰው ይህን ሳያስብ ይገዛና በኋላ ይጨነቃል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ጠዋት ያወርደዋል፣ ማታ ያወጣዋል። ፊትም ኋላም ስፕሪንግ ያለው ርካሽ የብረት ብስክሌት 17 እና 18 ኪሎ ይመዝናል፤ ቀለል ያለው ደግሞ 13 እና 14። ልዩነቱ ሱቅ ውስጥ ምንም አይመስልም። ከሥራ ደክሟችሁ ስትመጡ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግን በደንብ ይታወቃችኋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ በአንድ እጅ አንሡትና ትከሻችሁ ላይ አድርጉት። ሻጩ ይሳቅባችሁ፣ ችግር የለውም።

ምን ዓይነቱ ይሻላል?

ከስፕሪንጉ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ከኋላ ስፕሪንግ ያለው ርካሽ ብስክሌት አትግዙ። በቃ። ዳገት ላይ ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር ከጉልበታችሁ ከፊሉ ስፕሪንጉን ለመጫን ነው የሚውለው፣ ወደ ላይ ወደ ታች ትነጥራላችሁ እንጂ ወደ ፊት እንደልብ አትሄዱም። መጋጠሚያዎቹም በጥቂት ወራት ላልተው ሲጢጥ ሲጢጥ ማለት ይጀምራሉ። የፊቱ ስፕሪንግም ቢሆን በዚህ ዋጋ ብዙ ጥቅም የለውም፤ ካለበት ግድ የለም፣ ከሌለው ግን በጣም ጥሩ ነው። ለጉድጓዱና ለኮብልስቶኑ ወፈር ያለ ጎማ ይበቃል፤ ትንሽ ነፋስ መቀነስ ከርካሽ ስፕሪንግ የበለጠ ምቾት ይሰጣል።

ማርሽ ላይ ደግሞ "21 ማርሽ" የሚለውን ጽሑፍ ተዉት። 21 ማለት ፊት 3፣ ኋላ 7፣ ሲባዛ ነው፤ ስለ ጥራቱ ምንም አይናገርም። እናንተ ማየት ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው። የፊቱን ትንሹን ጥርሳም ክብና የኋላውን ትልቁን ክብ ጥርሳቸውን ቁጠሩ። የፊቱ ከኋላው ካነሰ፣ ለምሳሌ ፊት 24 ኋላ 28 ከሆነ፣ ተቀምጣችሁ ዳገት ትወጣላችሁ። የፊቱ ከበለጠ፣ ለምሳሌ ፊት 42 ኋላ 28 ብቻ ከሆነ፣ ቸርችል ላይ ወርዳችሁ ትገፉታላችሁ። ኋላ 34 ጥርስ ያለው ካገኛችሁማ ፊት አንድ ክብ ብቻ ቢሆንም፣ ጥርሱ ከኋላው ካልበለጠ ያስኬዳል፣ ካቴናውም በፊት በኩል የሚወልቅበት ምክንያት ይቀንሳል። ማርሽ መቀየሪያው ላይ ሺማኖ (የታወቀ የብስክሌት ዕቃ አምራች ነው) የሚል ጽሑፍ ካለ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቢያንስ መለዋወጫው አይጠፋም። ግን መቀየሪያው ብቻ ሺማኖ ሆኖ ሌላው ሁሉ ስም የለሽ የሆነባቸው ብስክሌቶች ስላሉ በአንዱ ጽሑፍ ብቻ አትርኩ።

ፍሬን። እኔ ለርካሽ ብስክሌት የምመርጠው ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ በጎማ የሚይዘውን፣ ቪ-ብሬክ የሚባለውን ነው። ዲስክ ፍሬን፣ ማለትም ጎማው መሀል ላይ ያለውን ክብ ብረት የሚይዘው፣ ሲሠራ ጥሩ ነው፣ በክረምትም ከቪ-ብሬክ ይሻላል። በሽቦ የሚጎተተው የርካሹ ዲስክ ግን ቶሎ ይጣመማል፣ ቀኑን ሙሉ እየታከከ ይጮኻል፣ ሸራውን ለማግኘትም መዞር አለ። የቪ-ብሬክ ጎማ ግን ብስክሌት የሚጠግን ሰው ሁሉ ዘንድ አለ፣ እናንተም በአንድ ቁልፍ ትቀይሩታላችሁ።

የጎማ ቁጥር ላይ አስተውሉ። 26 ኢንች ውሰዱ፣ ካልተቸገራችሁ በስተቀር። 27.5ም 29ም ጥሩ ጎማዎች ናቸው፤ ነገር ግን ካላማዳሪያው ሲፈነዳ ሰፈር ውስጥ ቶሎ የምታገኙት 26ቱን ነው። ጥርሳም ወፍራም የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ይጎትታችኋል፣ ድምፁም ያሰለቻል፤ መሀሉ ለስለስ ያለ ጎማ ይሻላል። ቫልቩንም እዩት። ወፈር ያለው፣ የመኪና ጎማ ላይ ያለው ዓይነት ከሆነ ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ የምትፈታ ትንሽ ብሎን ካለችው ጎሚስታው ማስገቢያ የለውም፤ ወይ ማገናኛ ትገዛላችሁ፣ ወይ የራሳችሁን መንፊያ ትይዛላችሁ። ጎሚስታ ጋ ስታስነፉ ደግሞ "ቀስ እያልክ፣ በየመሀሉ እያቆምክ" በሉት። ኮምፕሬሰሩ ለመኪና የተሠራ ነው፣ የብስክሌት ካላማዳሪያ በሰከንድ ውስጥ ሞልቶ ይፈነዳል። ስንት እንደሚያስፈልገው ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ ወፍራም የ26 ጎማዎች ላይ 40–65 ፒ.ኤስ.አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚል ታነባላችሁ።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም? ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ ከያዘው ብረት ነው። አሉሚኒየሙ ቀለል ይላል፣ አይዝግም። ብረቱ ይከብዳል፣ ግን ቢሰበር ሰፈር ያለ በያጅ ይበይደዋል። ፎቅ ለሚኖር ሰው አሉሚኒየም፣ ግቢ ላለው ሰው ብረት፣ ከዚያ በላይ ብዙ አትጨነቁበት።

ልካችሁን አትተዉ

ልብስ ሲገዛ ሦስት ጊዜ የሚለካ ሰው ብስክሌት ሲገዛ ቁጥሩን አይጠይቅም። ልክ ያልሆነ ብስክሌት ጉልበት ያሳምማል፣ ወገብ ያሳምማል፣ በመጨረሻም ያስጠላል።

ከመቀመጫው ፊት ላይኛውን ብረት ተሻግራችሁ ቁሙ፣ ሁለቱም እግራችሁ መሬት ይርገጥ። በላይኛው ብረትና በሰውነታችሁ መሀል ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ካልኖረ ድንገት ስታቆሙ ትጎዳላችሁ። ቁመታችሁ 160 አካባቢ ከሆነ 15 ወይም 16 ኢንች፣ 170 አካባቢ ከሆነ 17 ወይም 18፣ 180 ከሆነ 19 ወይም 20 የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ መቀመጫው ሥር ባለው ብረት ላይ ይለጠፋል። ይህ የቴላዮው፣ ማለትም የብስክሌቱ ዋና አካል ልክ ነው እንጂ የጎማው 26 አይደለም፣ አንዳንድ ሻጮች ሁለቱን ይቀላቅላሉ። ቀሚስ ለብሳችሁ የምትሄዱ፣ ወይም እግር ማንሣት የሚያስቸግራችሁ፣ ወይም ከኋላ ዕቃ የምትጭኑ ከሆነ ላይኛው ብረት ዝቅ ያለውን ዓይነት ውሰዱ። "የሴት" ይሉታል፤ ለወንዱም ይመቻል፣ ዕቃ ተጭኖ እግር በኋላ አሻግሮ መውጣት ከባድ ስለሆነ።

የመቀመጫ ከፍታ እንዲህ ይለካል፦ ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ፔዳሉን እስከ ታች አውርዱና ተረከዛችሁን አሳርፉበት። እግራችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው። በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል። እዚህ አገር አብዛኛው ሰው መቀመጫውን በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የሚጋልበው፣ ሁለት እግሩ መሬት እንዲደርስለት። ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ይላል። ቋሚውን ስታወጡ ግን ላዩ ላይ የተሰመረውን ምልክት እንዳታልፉ፣ ካለፋችሁት ይሰበራል። ከፍ አድርጋችሁም አልደርስ ካላችሁ ብስክሌቱ ትንሽ ነው፣ ሌላ እዩ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

የኔ ምርጫ ያገለገለ ነው፣ የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ካለ። ያገለገለ ጥሩ ብስክሌት ከአዲስ ርካሽ ብስክሌት ይበልጣል። አገር ለቀው የሚሄዱ የውጭ ዜጎች የሚሸጡት፣ ከአውሮፓ በኮንቴይነር የሚገባው፣ ጂጂ በሚባለው የመሸጫ ድረ ገጽና ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው፣ ብዙ ምርጫ አለ። አዲስ ከፈለጋችሁ መርካቶ ዋጋውም ምርጫውም ይሻላል፤ አንድ ሱቅ ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ፣ ያው ብስክሌት ጥቂት ሱቆች ወረድ ብሎ ዋጋው ይለያያል።

የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? ከሰፈራችሁ። እሁድ እሁድ ለልጆች ብስክሌት የሚያከራይ ወጣት አታጡም። የሱ ብስክሌቶች ቀኑን ሙሉ በማያውቁት ልጆች ይነዳሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይጋጫሉ፤ ማታ እሱ ቁጭ ብሎ ይጠግናቸዋል። የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የትኛው መለዋወጫ እንደሚገኝ ከሻጩ ይልቅ እሱ ያውቃል። "ወንድሜ፣ ብስክሌት ልገዛ ነው፣ አብረኸኝ ብትሄድ" በሉትና የቀኑን ስጡት። ለሱ የምታወጡት ብር ከምታወጡት ሁሉ የሚጠቅማችሁ ነው። በኋላም ሲበላሽባችሁ የሚያውቃችሁ ጠጋኝ አገኛችሁ ማለት ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ "ምን ላምጣልህ?" ካላችሁ ደግሞ ሙሉ ብስክሌት አታስጭኑት፣ ጣጣው ብዙ ነው። ጥሩ መብራት፣ ጠንካራ ቁልፍ፣ ሄልሜት፣ ሁለት ካላማዳሪያ በሉት። ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

እጃችሁን አቆሽሹ

አሁን ብስክሌቱ ፊታችሁ ቆሟል። ሻጩ እያወራ ነው። ይናገር፣ እናንተ ግን ጎንበስ በሉ። ይህ ለአዲሱም ለአሮጌውም ይሠራል፣ ምክንያቱም አዲሱም በካርቶን ተፈታቶ መጥቶ እዚሁ ነው የሚገጠመው፤ አገጣጠሙ ላይ ብዙ ጥፋት ይፈጸማል።

መጀመሪያ ከጎን ሆናችሁ እዩት። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ወደ ፊት ነው የሚወጣው። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ወደ ኋላ የታጠፈ ከመሰለ ተጋጭቷል ማለት ነው። ቪ-ብሬክ ያለው ሆኖ የፊት ፍሬኑ ከሹካው በስተኋላ፣ ወደ ፔዳሉ በኩል ከታየ ደግሞ ሹካው ተገልብጦ ነው የተገጠመው። ይህ ቀልድ ይመስላል፣ አዲስ ብስክሌት ላይ ግን ያጋጥማል፤ መሪው ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፣ እግርም ከጎማው ጋር ይጋጫል። ቀጥሎ መሪውና ሹካው የሚገቡበትን አጭር ቱቦ ፈልጉና ከጀርባው፣ ወደ ታች የሚወርደው ወፍራም ብረት በሚጀምርበት ቦታ፣ በጣታችሁ ሥሩን ዳብሱት። እዚያ ጋ ቆርቆሮው እጥፋት ካለው ወይም ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ከተነሣ፣ ዋጋው ምንም ቢሆን ጥላችሁ ሂዱ። የብየዳ ቦታዎችንም አንድ በአንድ እዩ። እዚህና እዚያ ብቻ አዲስ ስፕሬይ የተቀባ ብስክሌት ለምን እንደተቀባ ጠይቁ።

ከዚያ ጎማዎቹን አንሥታችሁ አሽከርክሩ። የፍሬኑን ጎማ እንደ ማስመሪያ ቁጠሩት፤ ቸርኬው ሲዞር ወደ እሱ እየቀረበ እየራቀ የሚሄድ ከሆነ ተጣሟል። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከሆነ ቸርኬውን ከመሀሉ ጋር የሚያያይዙትን ሽቦዎች በማጥበቅ ይስተካከላል። ከዚያ ከበለጠ ወይም ቸርኬው ላይ የተመታ ቦታ ካለ አይለፋበትም። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን እየያዛችሁ ጨምቁ፣ አንዱ ከሌላው በጣም የላላ እንዳይኖር። ቸርኬው ላይ ፍሬኑ የሚይዝበትን ቦታ በጣታችሁ ዳብሱት፤ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ከተሰማችሁ ቸርኬው አልቋል። የጎማውን ጎን ደግሞ በአውራ ጣታችሁ ተጭናችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ በፀሐይ የቆመ ጎማ ላዩ አዲስ መስሎ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ነው የሚገኘው።

ጎማውን ከላይ ይዛችሁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቅንቁት። ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁም እንዲሁ ወደ ጎን ነቅንቁ። የፊት ፍሬን ያዙና ብስክሌቱን ወደ ፊት ወደ ኋላ ግፉ፣ አንድ ጣታችሁን የመሪው መጋጠሚያ ላይ አድርጉ፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ይሰማችኋል። ፊቱን አንሡና መሪውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ልክ መሀሉ ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል።

ካቴናው ላይ ረጋ በሉ፣ የዋጋ ድርድሩ እዚህ ነው ያለው። የልብስ ሰፊ ሜትር በኪሳችሁ ያዙ፤ የኢንቹን በኩል አዙሩ። የአንዱን ፒን መሀል ዜሮ ብላችሁ ጀምሩና እስከ 24ኛው ፒን ቁጠሩ፣ ካቴናውን ወጠር አድርጋችሁ። አዲስ ካቴና ከሆነ 24ኛው ፒን ልክ 12 ኢንች ላይ ያርፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ካለፈ ካቴናው መቀየር አለበት። ሦስት ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን ካቴናው ብቻውን አይቀየርም፣ የኋላ ጥርሱንም በልቶታል፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ብታደርጉ ዳገት ላይ ይዘልባችኋል። ሻጩ ይህን ስትለኩ ሲያይ አነጋገሩ ይቀየራል። "ወንድሜ፣ ካቴናውም ጥርሱም አልቋል፣ የሁለቱን ቀንስልኝ" ብትሉት መልስ የለውም።

መቀመጫውንም ፍቱልኝ በሉና ከፍ ዝቅ አድርጉት። ዝጎ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ ብስክሌቱ ለሻጩ ቁመት ብቻ የተሠራ ሆኖ ይቀራል።

በመጨረሻ ንዱት። መታወቂያ አስይዙና መኪና የማይበዛበት መንገድ ላይ ውጡ። ሁሉንም ማርሽ አንድ በአንድ አስገቡ፣ ትንሽም ብትሆን ዳገት ፈልጉ፤ ሜዳ ላይ የማይዘል ማርሽ ዳገት ላይ ይዘላልና። ፍሬኑን መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ። እጀታው መሪውን እስኪነካ ድረስ ከተጎተተ ሽቦው ላልቷል። የትኛው እጀታ የፊቱን እንደሚይዝ ሳትነሡ እወቁ፣ ሁሉም ብስክሌት አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ እጃችሁን ለቅቃችሁ ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደሆነም እዩ።

ዋጋና ወረቀት

"የመጨረሻ ስንት ነው?" ከማለታችሁ በፊት ያገኛችሁትን ጉድለት ሁሉ ዘርዝሩ፤ ዋጋ ከተነገረ በኋላ ጉድለት መፈለግ ሰበብ ይመስላል። አብሯችሁ የሄደውን ልጅ "ይህን ሁሉ ለመጠገን ስንት ይፈጃል?" ብላችሁ በሻጩ ፊት ጠይቁት። ያላችሁን ብር ሁሉ ለብስክሌቱ አትክፈሉ። ከአምስት አንዱን ለቁልፍ፣ ለሄልሜት፣ ለመብራትና ለመጀመሪያው ጥገና አስቀሩ።

ያገለገለ ስትገዙ ፔዳሎቹ በሚገናኙበት ቦታ ሥር ገልብጣችሁ እዩ። ብዙ ብስክሌቶች ላይ እዚያ ቁጥር ተመትቷል። ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ ከሆነ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ አትንኩት። ደህና ከሆነ ቁጥሩን ፎቶ አንሡ፣ ደረሰኝ ካለው ተቀበሉ፣ ከሌለው በአንድ ወረቀት ላይ ውል ጻፉ፦ የሻጭ ስም፣ የመታወቂያው ፎቶ፣ የብስክሌቱ ቁጥር፣ ዋጋው፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ ከተቻለም አንድ ምስክር። ነገ ጥያቄ ቢነሣ የምታሳዩት ይኖራችኋል። ብስክሌቱ በጣም ረክሶ፣ ሻጩም መታወቂያ ማሳየት ካልፈለገ አትግዙ። ያ ብስክሌት ጠዋት ሥራ ሊሄድበት የነበረ ሌላ ሰው አለው።

ከብስክሌቱ ጋር የሚገዙ

ቁልፍ ላይ አትቆጥቡ። ቀጭኗ በሽቦ የተሠራች ቁልፍ በፒንሳ ትቆረጣለች። ወፍራም ሰንሰለትና ደህና ጓጉንቸር፣ ወይም የዩ ቅርጽ ያለው የብረት ቁልፍ ግዙ። ስትቆልፉ ቴላዮውንና የኋላ ጎማውን አብራችሁ ከማይነቀል ብረት ጋር እሰሩ፤ የፊት ጎማ ብቻ ካሰራችሁ ጎማው እዚያው ታስሮ ቀሪው ይሄዳል። በጣት የሚፈታ ዓይነት ጎማ ከሆነ በብሎን አስቀይሩት።

ሄልሜት ውስጡን እዩት፣ የደረጃ ምልክት ይኑረው፤ የአውሮፓው ከሆነ 1078 የሚል ቁጥር ይገኛል። ከዚህ በፊት የወደቀ ሄልሜት አትግዙ፣ ስንጥቁ ከውጭ አይታይም። መብራት ፊት ነጭ ኋላ ቀይ። በዩኤስቢ የሚሞላው ይበቃል፣ መብራት በጠፋበት ምሽት ግን እንዳትጠመዱ ቀን ላይ ሙሉት።

ክረምት ላይ የምትነዱ ከሆነ ፓራፋንጎ የግድ ነው፣ አለበለዚያ ጭቃው ጀርባችሁ ላይ ይሰመርና ቢሮ ትደርሳላችሁ። ቪ-ብሬክ ሲረጥብ ወዲያው አይዝም፤ ዝናብ ላይ ከሩቅ ጀምራችሁ ቀለል አድርጋችሁ ያዙ፣ ቸርኬው ይጠረግ፣ ከዚያ ጠንከር ታደርጋላችሁ። ቤት ስትገቡ ካቴናውን በጨርቅ ጥረጉና ቀጭን ዘይት ቀቡት፣ የተረፈውንም መልሳችሁ ጥረጉ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አትቀቡ። አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል፣ ካቴናው ያለ ጊዜው ያልቃል።

የመጀመሪያው ወር

አዲስ የተገጠመ ብስክሌት ይላላል። የቸርኬው ሽቦዎች ቦታቸውን ይይዛሉ፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎች ይረዝማሉ፣ ብሎኖች ይፈታሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ከነዳችሁ በኋላ ያን የሰፈራችሁን ልጅ ፈልጉና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስተካክልላችሁ። የገዛችሁበት ሱቅ በነፃ እናስተካክላለን ካለ ደግሞ ቀኑን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

እናንተም 15 ቁልፍ አንድ ይኑራችሁ፣ ፔዳሉንም ብዙዎቹን የጎማ ብሎኖችም ታጠብቁበታላችሁ። ፔዳል ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። ግራው በተቃራኒው ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ይህን የማያውቅ ሰው ግራውን ለማጥበቅ ብሎ ይፈታዋል፣ ወይም የቀኙን ፔዳል በግራ በግድ ያስገባና የክንዱን ጥርስ ይበላዋል፤ ከዚያ ክንዱ ራሱ መቀየር አለበት። ፔዳሉ ጫፍ ላይ የትኛው የግራ የትኛው የቀኝ እንደሆነ የሚለይ ፊደል ተመትቷል። መጀመሪያ በእጃችሁ ብቻ አስገቡት፣ ሦስት አራት ዙር ያለ ቁልፍ በቀላሉ ከገባ ልክ ነው፣ ከዚያ በ15 ቁልፉ ጥብቅ አድርጉት።